ቆርቆሮው እየጮኸ ፊልም እንዴት ይታያል?

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ የወንድሜ ልጆች ከኮምቦልቻ እኔ ጋ ይመጣሉ። ሦስት ናቸው። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲያራግፋቸው ሁሌም በቲሸርት ናቸው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ሽቅቡ 600 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ሐረጎ ላይ ወጥቶ ይቀበላችኋል። ይህን በየዓመቱ ለእናታቸው እነግራታለሁ። በየዓመቱ በቲሸርት ይመጣሉ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የዩኒፎርም ስፌት እስኪያጣድፈኝ ድረስ እሁድ እሁድ የልጆቹ ነኝ። ውጭ ጭቃ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ የለም። ኳስ የለም። ስለዚህ ፊልም እናያለን፤ ሳቅ ያለበት የሱፐር ሂሮ ፊልም። አራት ክረምት ሞክሬዋለሁ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ተበላሽቶብኛል። ከሦስቱ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ፊልሙን ለልጅ አትተዉ

የተበላሸው የመጀመሪያው ነው። ምርጫውን ለትልቁ ተውኩለት። እሱም ጀግኖች ሁሉ ተጠራርተው የሚመጡበትን ይዞ መጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ስለው "እሱን ለማወቅ ሌላ ፊልም ማየት ነበረብሽ" ይለኛል። ያኛውን ለማወቅ ደግሞ ሌላ። እናቴ ገና በሃያኛው ደቂቃ ጭልጥ አለች። መጨረሻ ላይ ግማሹ ጀግና አቧራ ሆኖ በነነ። ትንሹ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ማታ ከአክስቴ ጋር ካልተኛሁ ብሎ ቤቱን አናወጠው።

ከዚያ ወዲህ መራጯ እኔ ነኝ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት አይብለጥ፤ የደሴ ክረምት ከዚያ በላይ ፋታ አይሰጥም። ሌላ ፊልም ያላየ ሰው ይግባው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጀግናው ችግር የቤት ችግር ይሁን። ዓለም ልትጠፋ ነው ሲባል እናቴ "አላህ ያውቃል" ብላ ወደ መቁጠሪያዋ ትመለሳለች። አንድ አባት ልጁን እንዳያይ ተከለከለ ስትባል ግን ቀና ትላለች።

በዚህ ሚዛን እስካሁን አንደኛ የወጣው "አንት ማን" ነው፤ እኛ ቤት "ጉንዳኑ ሰውዬ" ነው ስሙ። 117 ደቂቃ ነው። አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 10 ቀን 2007 ነበር። ሐምሌ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። አሜሪካኖች ትልልቁን ፊልም ለሰኔና ለሐምሌ ነው የሚያስቀምጡት። ስለ አንድ ሻርክ የተሠራ ፊልም በእነሱ 1975 በሰኔ ወጥቶ ገንዘቡን ካፈሰ ወዲህ ልማድ አደረጉት። እነሱ ጋ ያ ወር ፀሐይ ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ቀዝቃዛ አዳራሽ ይገባል። እነሱ ለመቀዝቀዝ የሚያዩትን እኛ ለመሞቅ እናየዋለን።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሰውዬው ሌባ ነበር። ከእስር ወጣ፣ የቀድሞ ሚስቱ ለሌላ ታጭታለች፣ ልጁን ማየት ይፈልጋል። አንድ ሽማግሌ ሳይንቲስት የሠራው ልብስ እጁ ይገባል። ልብሱን ለብሶ ቁልፉን ሲጫን ጉንዳን ያክላል፤ ጉልበቱ ግን የትልቅ ሰው እንደሆነ ይቀራል። ጉንዳኖች ይታዘዙለታል። ይሄው ነው። ስለ ልብስ መሆኑ እኔንም ይመቸኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይጠንቀቅ ብለውታል። ክፉው ሰውዬ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አንዱን ባልተስተካከለ መሣሪያ መትቶ ወደ ትንሽ የሥጋ ጠብታ ይለውጠዋል። ቶሎ ያልፋል፤ ቢሆንም እኔ በዚያ ሰዓት ትንሹን "ውሃ አምጣልኝ" ብዬ ወደ ጓዳ እልከዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስናይ "አክስቴ፣ ውሃው የሚጠማሽ ሁሌ እዚህ ጋ ነው" አለኝ።

ፍላሹን እዚያው ሞክሩት

ፒያሳ ወርዶ ፊልም ማስጫን ቀላል ይመስላል። አይደለም። አንዴ ቤት ደርሰን ስንከፍተው ጉንዳኑ ሰውዬ በሕንድኛ ማውራት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲኒማ ቤት ውስጥ በካሜራ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ፤ ከፊት የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት ግማሹን ስክሪን ይዞታል። ስለዚህ ልጁ ሲጭንላችሁ ቆማችሁ ሦስት ቦታ አስከፍቱት፦ መጀመሪያው፣ መካከሉና መጨረሻው። ንግግሩን ስሙት። ቢያፍርባችሁም ቁሙ።

መጠኑንም ጠይቁ። ፍላሻችሁ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፎርማቱን ስትቀይሩት ደግሞ አሮጌ ቲቪ አላነብም ሊል ይችላል። ከ1 እስከ 2 ጊጋ የሆነው ቅጂ ይበቃል። የእኔ ቲቪ 32 ኢንች ነው፤ ልዩነቱን የሚለይ ዓይንም የለኝ። ሰብታይትል ካስጫናችሁ ስሙ ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ያለበለዚያ ቲቪው አጠገቡ እያለ አያየውም።

በአማርኛ የተተረጎመውን የሚወዱ አሉ። ተራኪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ አንዳንዴ ከፊልሙ ይበልጣሉ። ለእንዲህ ያለ ፊልም ግን አልመርጠውም። ሳቁ ከተዋናዩ ፊት ነው የሚመጣው፤ ተራኪው ቀድሞ ከነገራችሁ አለቀ።

ዲሽ ያለው ደግሞ ኤምቢሲ 2 በሚባለው የዓረብ ቻናል ላይ እንዲህ ያለ ፊልም ሊያገኝ ይችላል። ከታች ዓረብኛ ጽሑፍ ይሄዳል። መካከለኛዋ መድረሳ ስለምትማር ጮክ ብላ ታነበዋለች። ትርጉሙን ስንጠይቃት "እሱን ገና አልደረስንበትም" ትላለች። ለማንኛውም ዝናቡ ሲጠና ሲግናሉ ስለሚጠፋ በክረምት ዲሽ ላይ ተስፋ አትጣሉ።

ሰማዩን አይታችሁ ጀምሩ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴ ዝናብ የሚያመርረው አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ወሬውና መቋረጡ ተጨምሮ 117 ደቂቃው ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ እናቴ ለዙህር ሶላት ሳትነሳ ያልቃል። ጠዋት ብርሃን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል የምትሉ ካላችሁ ሐምሌ ላይ ደሴን አላያችሁም። ጉሙ መጋረጃ ነው።

ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ ችግሩ ቆርቆሮው ነው። በረዶ ሲቀላቀልበት ቲቪው አፉን ይከፍታል እንጂ ድምፅ የለውም። ድምፁን ብትጨምሩት ይጮሃል እንጂ አይሰማም። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ስፒከሩን ከቲቪው አጠገብ አንስቶ ልጆቹ ኋላ በርጩማ ላይ፣ በጆሮ ልክ ማስቀመጥ ነው። ርቀቱ ሲያጥር ብዙ ድምፅ አያስፈልግም። ኮርኒስ ያለው ክፍል ካላችሁ፣ የማዳበሪያም ቢሆን፣ ሳሎኑን ትታችሁ እዚያ ግቡ።

መብረቅ ካለ ግን ዘዴ የለም። ቲቪውን ከዲቫይደሩ፣ ዲቫይደሩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ የዲሹንም ገመድ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንድ ቲቪ በዚህ ሄዶብኛል። ጠጋኙ ከፈተው፣ አሸተተው፣ "አፈር ስሆን፣ እርሺው" አለኝ።

ብርዱና አፍ

መቀመጫችን ቁርጥራጭ ጨርቅ የጠቀጠቅኩበት ማዳበሪያ ነው። ከሶፋ ይሞቃል። በላዩ ጋቢ፤ ለሦስቱ ሁለት ጋቢ። ሦስት ስሰጣቸው ተራርቀው ይቀመጣሉ፣ ያኔ ብርዱም ጭቅጭቁም ይበዛል። ካልሲ ግዴታ ነው።

የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በር መዝጋትን ግን ተዉት። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ሰውም እንደተኛ ይቀራል። በተለይ ፊልም እያዩ ማን ልብ ይላል? እናቴ ቡናዋን በከሰል ካልሆነ አታፈላም። ከሰሉ ውጭ በረንዳ ላይ በደንብ ይቀጣጠላል፣ ቡናው እስኪፈላ ብቻ ይገባል፣ በሩም መስኮቱም ገርበብ ይላል፣ ከዚያ ይወጣል። ብርዱን ጋቢው ይወጣዋል።

ለአፍ ፈንድሻ ነው። ድስቱ ውስጥ ጥቂት ዘይት፣ ሦስት ፍሬ ብቻ ጣሉ። ሦስቱም ሲፈነዱ ሌላውን ጨምሩና ክደኑ፤ እየነቀነቃችሁ። ጨው ወይስ ስኳር የሚለው ክርክር እኛ ቤት አላለቀም፤ ሁለት ሳህን ነው የምናደርገው። ቆሎ ለዚህ ፊልም አይሆንም። ሦስት ልጅ ሽምብራ ሲቆረጥም የጉንዳኑ ንግግር አይሰማም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከታች እሸት ሲመጣ ደግሞ በቆሎ እንጠብሳለን።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። የጎረቤታችን ልጆች ትንንሾች ናቸው፤ ግን ይጾማሉ፣ ደግሞ በኩራት ነው። ያለ እነሱ ፊልም የለም። እነሱ ፊት ፈንድሻ መብላት ደግሞ ነውር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሰዓቱን እናዞራለን፤ እነሱ ካፈጠሩ በኋላ ከሰዓት እንጀምራለን። ዝናቡ ያን ሰዓት መሆኑን እናውቃለን። ይምጣ። ፈንድሻው በዘይት ስለሆነ ጾም ነው፤ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል።

አስተርጓሚና ጠያቂ

አስተርጓሚያችን ትልቁ ነው። ክፍያው የመጀመሪያው የፈንድሻ እፍኝ ነው። ያልገባውን ፈጥሮ እንደሚሞላ አውቃለሁ። አንዴ ሳይንቲስቱ ረዥም ንግግር ሲያደርግ "በአጭሩ ተጠንቀቅ ነው ያለው" ብሎ ገላገለን።

ጠያቂዋ እናቴ ናት። ፊልም በጸጥታ ይታያል የምትሉ እሷን አታውቋትም። "ምን አድርጎ ነው የታሰረ?" ትላለች። "ሰርቆ።" "ታዲያ እንዴት ጀግና ይሆናል?" "የሰረቀው ከሌባ ነው፣ እማዬ።" "ከሌባም ቢሆን ሌብነት ነው።" ይህ ክርክር አምስት ደቂቃ ወሰደ። ፊልሙን አቆምኩት። ድሮ ብሆን እበሳጭ ነበር። አሁን ሪሞቱ የእኔ ጭን ላይ ነው፤ ጥያቄ ሲመጣ ፖዝ። ሰው ሲገደል ያቆማችሁት ፊልም ይቀዘቅዛል። ጉንዳን ሲጋልብ ያቆማችሁት አይቀዘቅዝም። እንዲያውም እዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ የበለጠ ያስቃል።

አንድ ቦታ ብቻ አላቆምም። ሰውዬው አንዲት ክንፍ ያላት ጉንዳን አለችው፤ ስም አውጥቶላታል፣ ይጋልባታል። እሷ በጥይት ትመታለች። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ አውቃችሁ ግቡ። እናቴ መጀመሪያ ጊዜ "ለጉንዳን ነው ይሄ ሁሉ?" አለች። ሁለተኛ ጊዜ ግን ዝም ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ስታደርግ አይቻታለሁ። ጉንፋን ነው አለች።

ትኩረት የሚገባው ትዕይንት መጨረሻው ነው፤ ጠቡ የሰውዬው ሴት ልጅ መኝታ ቤት ውስጥ፣ የመጫወቻ ባቡር ላይ ነው። እነሱ አጠገብ ሆናችሁ ስታዩት ባቡሩ እየተንደረደረ ሊጨፈልቃቸው ይመጣል። በልጅቷ ዓይን ሲታይ ግን አንዲት የፕላስቲክ ባቡር ቀጭ ብላ ከሐዲዷ ትወድቃለች። ሌላ ምንም የለም። እኛ ቤት ይህን ሰባት ጊዜ መልሰን አይተነዋል። ስፒከሩ ከኋላችሁ ይሁን ያልኩት ለዚህች "ቀጭ" ነው፤ ዝናቡ ከዋጣት ሳቁ የለም።

መብራት ሲሄድ

ይሄዳል። እንደማይሄድ አስባችሁ አትጀምሩ። በየአስር ደቂቃው ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰዓት ልብ በሉ፤ አንዳንድ ቲቪ መብራት ሲመለስ ፊልሙን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። ሶኬቱን ንቀሉ። መብራቱ ሲመጣም አምስት ደቂቃ ያህል ሳትሰኩት ቆዩ፤ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ነው። ስልክ ደግሞ ማንም አያወጣም። አንዱ ስልክ ካወጣ ሁሉም በየጥጉ ይበተናል፣ መብራቱ ቢመጣም ሰው አይሰበሰብም።

ዓምና ሰውዬው ልብሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ለበሰው። ቁልፉን ተጫነ፣ አነሰ፣ ገንዳው ሜዳ አከለ። ቧንቧው ተከፈተ። ውሃው እንደ ቦርከና ሙላት እየተንከባለለ ሲመጣበት ድርግም። ጨለማ። መላው ሰፈር "ኡኡኡ!" አለ። እናቴ "አብሽሩ፣ ይመጣል" አለች።

"ከዚያስ ምን ሆነ?" አልኩ። ያየነው ፊልም መሆኑን ረስቼ አይደለም። ትንሹ ቀልጠፍ አለና "ሰምጦ ሞተ" አለ። መካከለኛዋ "አክተሩ አይሞትም!" ብላ ጮኸችበት። ይህቺ አነጋገር ከእኔ ልጅነት የቀረች ናት። ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ስናይ እንደዚያው ነበር የምንለው። ልጅቷ ከየት እንደሰማቻት አላውቅም። ከእኔ ይሆናል።

የእጅ ባትሪ አብርቼ ግድግዳው ላይ አዞርኩት። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ አልነበረም። ትልቁ ሜትሬን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ቀበቶ አደረገው። ደረቱ ላይ ሁለት የኮት ቁልፍ በመርፌ ቁልፍ አያያዘ፤ አንዱ ማነሻ፣ አንዱ ማሳደጊያ። ትንሹ ጉንዳን ሆነ፤ ሁለት እርሳስ ግንባሩ ላይ በላስቲክ። የስፌት መኪናዬ ስር ገቡ። ፔዳሉ ድልድይ ነው፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ ጫካ ነው፣ የእናቴ እግር ደግሞ ግዙፉ ፍጥረት። እናቴ ምንም ሳታስብ እግሯን ስታነሳ ከስር ሦስት ድምፅ ጮኸ። ደነገጠች። ከዚያ ገባትና እግሯን አየር ላይ አቆይታ "ማን ነው እዚህ የጭቃ እግሩን ይዞ የገባ?" አለች፤ በወፍራም ድምፅ። እናቴ ስትተውን ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

አርባ ደቂቃ ገደማ እንደቆየ ሰፈሩ "መጣ!" አለ። ሶኬቱን ልሰካ ስነሳ ትልቁ ከመኪናው ስር ራሱን አወጣ። "አክስቴ፣ ቆይ። የእኛን እንጨርስ።"

ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ እየቀረው አሥር ደቂቃ ጠበቀን።

ስም ሲወርድ አትነሱ

በመጨረሻ ስሞች መውረድ ሲጀምሩ ሰው ጫማውን ይፈልጋል። ተቀመጡ። ፊልሙን የሠራው ማርቭል ከስሞቹ መካከልና በኋላ ትንሽ ነገር መደበቅ ይወዳል፤ እዚህም ሁለት አሉ። የመጀመሪያው ቶሎ ይመጣል፣ ደግሞም ስለ ልብስ ነው፤ አልነግራችሁም። ሁለተኛው ጭራሽ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌሎቹን ፊልሞች ላላየ ሰው ብዙ ትርጉም የለውም። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሳህን ለማጠብ ይበቃል።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ጉንዳን በስህተት ውሻ የሚያክል ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ ቤት አስቀምጣ ከጠረጴዛ ስር ታበላዋለች። ይህን ያነሳሁት በማግስቱ ለሆነው ነው። ጠዋት እናቴ ቡና አቅርባ የስኳሩን ጣሳ ስትከፍት ጥቁር በጥቁር ሆኗል፤ ክረምት ላይ ጉንዳን ከቤት አይጠፋም። ልታራግፍ ስትነሳ ትንሹ እጇን ይዞ ተንጠለጠለ።

"እማዬ፣ እንዳትገድያቸው! አንዱ ሰው ሊሆን ይችላል።"

እናቴ ጣሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ከዚያ አንድ ሲኒ ጨምራ ደረደረች።

"ሰው ከሆነማ ጥራው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ።"